ትከሻዋን ያልነካው እጅ

ቅዳሜ ጠዋት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ የተመለሱ መጻሕፍትን እየደረደረች፣ ዞር እንኳ ሳትል፣ "ያንቺ ፎቶ አንሺ ሊሄድ ነው አሉ" አለች።

መምህርቷ የላይኛውን ክፍል ቁልፍ ከመስቀያው ልታወርድ እጇን ዘርግታ ነበር። እጇ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

"የኔ? ከመቼ ወዲህ ነው የኔ የሆነው?"

"ኧረ ተይ እባክሽ! ሐሙስ ሐሙስ እግርሽ ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ ያለ መሰለሽ?" ሠራተኛዋ አሁን ዞረች፤ የመምህርቷን ፊት ስታይ ግን ቀልዱን ዋጥ አደረገችው። "ወንድሙ ወደብ ከተማው ላይ ማተሚያ ቤት አለው፤ እዚያ አብሮት ሊሠራ ነው። ሰኞ ጠዋት የሱቁን ቁልፍ ያስረክባል። ትናንት ለመታወቂያ ልነሳ ሄጄ ግማሹን ዕቃ በካርቶን አሽጎት አየሁ።"

"መልካም መንገድ ይሁንለት" አለች መምህርቷ። ቁልፉን አወረደችና ደረጃውን ወጣች። ድምፅዋ አልተሰበረም፤ ራሷን እስኪገርማት ድረስ ደህና ነበር። ደረጃው መሀል ስትደርስ ግን ድጋፉን ይዛ ቆመች። ሰኞ። በዛሬና በሰኞ መሀል ያለው አንድ እሑድ ብቻ ነው። ስለሱ ማሰብ ካቆምኩ ቆየሁ እያለች ለራሷ ስትነግረው የከረመችው ነገር ሁሉ እንደ ጨው ሟሟ።

በሥራ ቀናት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቋንቋ ታስተምራለች። ቅዳሜ ጠዋት ግን በዚህ ቤተ መጻሕፍት ፎቅ ላይ፣ መጻፍ ለሚወዱ አዋቂዎች የፈጠራ ጽሑፍ ትሰጣለች። ተማሪዎቿ ጡረተኞች፣ የቤት እመቤቶች፣ ከፈረቃ የወጡ ሠራተኞች ናቸው። ባዶ ወረቀት ሰጥታ "ጻፉ" ስትላቸው እስክሪብቶ የሚያላምጡ ሰዎች፣ ሰሌዳው ላይ አንድ ፎቶ ስትለጥፍላቸው እጃቸው ይፈታል። ይህን ካወቀች ወዲህ ትምህርቷ ሁሉ በፎቶ ሆነ። ሕጓም አንድ ነው፦ "ፎቶው ላይ ያለው ሰው በእውነት ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እኔም አልጠይቅም። የምታዩትን ያዙና የቀረውን ፍጠሩ።"

ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያና ከመጽሔት የምትቆርጠው ሲያልቅባት ነበር ወደ ፎቶ ቤቱ የገባችው። ዓይን አፋር ስለሆነች በሩን አልፋ ተመልሳ፣ ደግሞ አልፋ ተመልሳ ነው የገፋችው። ሰውየው ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጦ የካሜራውን መስታወት በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል።

"የማይፈልጓቸው ፎቶዎች ካሉዎት ብዬ ነበር" አለች።

"ለምን ፈለጓቸው?"

"ለ... ለመዋሸት።" ለፈጠራ ጽሑፍ ልትል ነበር፤ ደንግጣ ያመለጣት ይህ ሆነ። ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

ሳቀ። "ለመዋሸት ከሆነ ትክክለኛው ቤት መጥተዋል። እኔም የምኖረው በሱ ነው። ብጉር አጠፋለሁ፣ ራሰ በራ ላይ ጸጉር አበቅላለሁ፣ ሲለምኑኝ ደግሞ ሰው አቀጥናለሁ።"

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ፖስታ አዘጋጅቶ ይጠብቃት ጀመር። መጀመሪያ የተበላሹ ፎቶዎችን ነበር የሚሰጣት። በኋላ ግን ለሷ ብሎ ያነሳ ጀመር፦ እጀታው የተሰበረ በር፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ወንበር ላይ የተረሳ አንድ ጓንት፣ ከፎቅ ላይ ንፋስ የነፋው ሸሚዝ። ፖስታውን ሲሰጣት ሁልጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ "ያለፈው ሳምንት ምን ጻፉ?" ስትነግረው ባንኮኒው ላይ በክርኑ ተደግፎ፣ ዓይኑን ከፊቷ ሳይነቅል ያዳምጣል። ቤቷ ውስጥ እንደዚያ የሚያዳምጣት ሰው አልነበረም። "እርስዎ" ማለታቸው መቼ እንደቀረ ሁለቱም አላወቁም።

አንድ ሐሙስ መስታወቱን ይወለውልበት ወደነበረው የሸሚዙ ጫፍ አጎንብሶ፣ "አባትሽን መጥቼ ባያቸው ምን ይመስልሻል?" አላት።

ልቧ ዘለለች። አንደበቷ ግን እንደ ልቧ አይደለም። "አንድ ሳምንት ስጠኝ" አለች።

ሳምንቱን የፈለገችው ለሱ ሳይሆን ለቤቷ ነበር። አባቷ ዳኛ ናቸው። እናቷም የዳኛ ሚስት መሆናቸውን ለአፍታ የማይረሱ ሴት ናቸው። ቁርስ ላይ ወሬውን ፍንጭ ስትሰጣቸው እናቷ ዳቦ የቀቡበትን ቢላ አስቀመጡ።

"ፎቶ አንሺ? ምን ያደርጋል ፎቶ አንሺ? ጠቅ ያደርጋል። ከዚያስ? ደግሞ ጠቅ ያደርጋል። ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ?"

"እማዬ፣ ሰውየውን እኮ አላየሽውም..."

"እሱ ሰው ሲያይ ነው የሚውለው፤ እኔን ምን አደከመኝ!"

አባቷ ከጋዜጣው ጀርባ ምንም አልተናገሩም። ጠበቆች እንኳን የሚፈሩት ዝምታ ነበራቸው። ልጃቸው ሻይዋን ጨርሳ ወጣች፤ እንደ ልማዷ የምትመልሰው ቃል የመጣላት መንገድ ላይ ነው።

ነገሩን ያበላሸው ግን እናቷም አልነበሩም፤ ያው ሐሙስ ሰጥቷት ቅዳሜ ክፍል ውስጥ የከፈተችው ፖስታ ነው። አዲስ የታተመ አብረቅራቂ ፎቶ ሳይደርቅ ከተደራረበ እርስ በርሱ ይጣበቃል። የድንጋይ ደረጃ ፎቶ ሰሌዳው ላይ ልትለጥፍ ስታነሳ ወፈረባት፤ በጥፍሯ ስትልጠው ከጀርባው ሌላ ፎቶ ወጣ። አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው፣ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሰውየው እሱ ነው።

ልትደብቀው ስትል ከፊት የተቀመጡት ተማሪዎች አዩት። "እሱን፣ እሱን! እሱ ይሻላል፤ ደረጃ ሰለቸን!" አሉ። ብትከለክል ፊቷ ያጋልጣታል። ለጠፈችው። እነሱ ጻፉ፤ እሷም እንደ ልማዷ አብራቸው ጻፈች፤ ከክፍል ስትወጣም የጻፈችውን ቀዳድዳ ጣለችው። አትጠይቁ ብላ ስታስተምር የኖረች ሰው፣ መጠየቅ አላወቀችበትም። ሐሙስ ሲመጣ በሌላ መንገድ ወደ ቤቷ ሄደች። በቤተ መጻሕፍቱ ዘበኛ በኩልም "ከእንግዲህ ፎቶ አያስፈልገንም" የሚል መልእክት ላከችበት። አንድ ቅዳሜ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከላይ በመስኮት አየችው። እስኪሄድ ድረስ ከመጋረጃው ጀርባ አልወጣችም፤ ከሄደ በኋላም ብዙ ቆየች። የዚያን ዕለት ያለቀሰችው ስለተታለለች ነው ወይስ ስለናፈቃት፣ ለራሷም አልተናገረችውም።

*

ዛሬ ክፍሉ ሞልቷል። ከፊት ወንበር ላይ በትራቸውን በጉልበታቸው መሀል ያቆሙት፣ ጡረታ የወጡት የፖስታ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ሁሉን ነገር "ለምን?" ስለሚሉ ክፍሉ "ጋሽ ለምን" የሚል ስም አውጥቶላቸዋል፤ እሳቸውም ወደውታል። ጉልበታቸውን ታመው ከርመው ዛሬ መምጣታቸው ነው።

"መምህርት፣ እኔ ዕዳ አለብኝ" አሉ ገና ሳትቀመጥ። "ያ የቤተሰቡ ፎቶ። ያኔ የጀመርኩትን አልጋ ላይ ሆኜ ጨረስኩት። ላንብብ።"

"ጋሼ፣ እሱ እኮ አልፏል። ዛሬ ሌላ ሥራ ነው ያለን።"

"ለምን?"

ክፍሉ ሳቀ። ለምን እንደሆነ እሷ ብቻ ናት የምታውቀው።

"ደግሞ ፎቶውን ለጥፊልኝ። እያየሁ ካላነበብኩ አይሆንልኝም።"

ፎቶው ከቦርሳዋ ወጥቶ አያውቅም። ፊቱን ሳታይ አውጥታ ሰሌዳው ላይ ለጠፈችውና ወደ መስኮቱ ዞረች። ጋሽ ለምን ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ፦

"ይህ ሰው የሴትየዋ ባል አይደለም። ባልየው ዘግይቷል። መንገድ ላይ ነው። ሰውየው ባልየው እስኪመጣ ቦታውን የያዘለት ወዳጅ ነው። አውቶቡስ ውስጥ 'ሰው አለው' ብለን ወንበር ላይ ቦርሳ እንደምናስቀምጠው፣ ይህም ሰው ራሱን እዚያ አስቀምጧል..."

"ኧረ ጋሽ ለምን!" አለች አጠገባቸው የምትቀመጠው ነርስ። ባለጌ ሳቅ የሚቀናት፣ ክፍሉን የምታደምቅ ሴት ናት። "ኮቱን ግጥም አድርጎ ለብሶ፣ እጁን ትከሻዋ ላይ ጥሎ፣ ቦርሳ ነው ይሉናል?"

"አልጣለም!" ጋሽ ለምን በትራቸውን ይዘው ተነሱ፤ ጉልበታቸውን ረስተውት ነበር። የበትሩን ጫፍ ፎቶው ላይ አሳረፉ። "እዚህ ጋ እዪ። በእጁና በትከሻዋ መሀል ብርሃን ያልፋል። አላረፈም፤ ተንጠልጥሏል። ነፍሷን ይማርና የኔዋ፣ ፎቶ ልንነሳ ሄደን ትከሻዋ ላይ እጄን ስጥል 'አንተ ሰውዬ፣ መደገፊያ አደረግኸኝ እኮ!' ብላ ፎቶ አንሺውን አሳቀችው። ባል እጁን ይጥላል፤ ክብደቱን አይሰስትም። ይህ ሰው ግን ቀለሙ ያልደረቀ ግድግዳ አጠገብ የቆመ ነው የሚመስለው። ለምን?"

መምህርቷ ከመስኮቱ ዞረች። ወደ ሰሌዳው ተጠጋች።

እውነታቸውን ነበር። በጣቶቹና በሴትየዋ ልብስ መሀል ቀጭን የብርሃን ክር ትታያለች። ኮቱም የሱ አይደለም፤ እጅጌው እስከ ጣቶቹ ግርጌ ወርዷል፣ ትከሻው ሰፍቶታል። "መጀመሪያ እዩ፣ ከዚያ ፍጠሩ" እያለች የምታስተምር እሷ ናት። እሷ ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ ያየችው ፊቱን ብቻ ነበር። ያንን ፊት ከማንም በላይ ስለምታውቀው፣ ከሱ ወዲያ ያለውን አላየችም።

ፎቶውን ከሰሌዳው አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"ዛሬ... ዛሬ በራሳችሁ ሥሩ። ከመስኮቱ የምታዩትን ጻፉ" አለች። ድምፅዋ አሁን ተንቀጠቀጠ።

"ለምን ትሄጃለሽ?" አሉ ጋሽ ለምን።

"ዝም ይበሉ ጋሼ" አለች ነርሷ በሹክሹክታ፣ ሁሉም በሚሰማው ሹክሹክታ፤ "ይሄኛው ለምን አይጠየቅም።"

ደረጃውን ስትወርድ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ተሰማት፤ ተስፋ፣ እና ተስፋ ማድረጓ የፈጠረው ኀፍረት።

*

የፎቶ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ውስጡ ተራቁቷል። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የሙሽሮችና የተመራቂዎች ፎቶዎች ወርደው፣ ቦታቸው ብቻ ነጣ ነጣ ብሎ ቀርቷል። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ የመብራቱን ብርሃን የሚያለዝበውን ጃንጥላ ያጥፋል።

"ዘግተናል" አለ ሳይዞር።

"እኔ ነኝ።"

ጃንጥላው እጁ ላይ ቆመ። ቀስ ብሎ ዞረ። ከስቷል። ዓይኑ ለአፍታ ፊቷ ላይ አረፈና እንደተሳሳተ ሰው ተመልሶ ጃንጥላው ላይ ወረደ።

"እርስዎ ነዎት? ፎቶ ፈልገው ከሆነ፣ ከአደባባዩ ወዲያ ሌላ ፎቶ ቤት አለ። ጎበዝ ነው።"

"እርስዎ" ማለቱ በጥፊ ቢመታት ከሚያማት በላይ አመማት። ቦርሳዋን ከፍታ ፎቶውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

እሱ ሲያየው ጃንጥላውን ጣለው። "ይህ እርስዎ ጋ ነበር? ስንት ጊዜ ፈለግሁት! ካርቶኑን ሁሉ ገለባብጬ፣ ቆሻሻ መጣያውን ሳይቀር... አጠፋዋለሁ ብዬ ቃል የገባሁበት ፎቶ ነው እኮ!"

"ከደረጃው ፎቶ ጋር ተጣብቆ መጣ።" ፎቶውን ወደሱ ገፋ አደረገችው። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያኔውኑ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ይቺ ሴት ምንህ ናት?"

ከፎቶው ቀና ብሎ አያት። ውጭ መኪና አልፎ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ።

"ደንበኛዬ ናት" አለ በመጨረሻ። "ባሏ የሞተው ልጁ ሳይወለድ ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ያሉበት ፎቶ የላቸውም፤ ሊኖራቸውም አይችልም። ከሰውየው የተረፉት አንዲት የመታወቂያ ጉርድ ፎቶና ይህ ኮት ናቸው። ፊቱን አምጥቼ ላስገባው እችላለሁ፤ ፊት ግን ብቻውን አይቆምም። አካል ያስፈልገዋል፤ መብራቱ የሚያርፍበት፣ ጥላው የሚወድቅበት ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ዓይነት ሥራ ሲመጣ የምቆመው እኔ ነኝ። ካሜራውን አስተካክላለሁ፣ ሮጬ እቆማለሁ፣ ራሱ ያነሳል። ከዚያ ፊቴን አውጥቼ የሱን አስገባለሁ።"

"እጅህስ?"

"እጄ ምን ሆነ?"

"አልነካሃትም።"

ትከሻውን ሰበቀ፤ አፍሮ ይሁን ተቆጥቶ አልገባትም። "የሰው ሚስት ናት። ቦታው የሱ ነው። ... ስትወስደው ለልጇ 'ይኸው፣ አባትህ ይዞናል' አለችው። ልጁ ገና አፉን አልፈታም፤ ምን ይገባዋል? እኔ ግን ወደ ጓዳ ገብቼ ዕቃ የምፈልግ መሰልኩ።"

እሱ አሁን ነው ነገሩ እየገባው የመጣው፤ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲወጣ አየችው።

"ቆይ። ለዚህ ነው የጠፋሽው?" ድምፁ ከፍ አለ፤ "እርስዎ"ም በዚያው ተነነ። "ባለትዳር መስዬሽ? ሚስትና ልጅ አስቀምጬ ነው አባትሽን ልይ ያልኩሽ? ምን ዓይነት ሰው አድርገሽ ነው የጻፍሽኝ?"

"ፎቶውን ሳየው..."

"ፎቶውን አየሽ፤ እኔን አልጠየቅሽም! ከዚህ እስከዚያ እኮ የአንድ አውቶቡስ መንገድ ነው። መጥተሽ 'አንተ ውሸታም' ብለሽ ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። አንቺ ሰውን ከመጠየቅ መጻፍ ይቀልሻል።"

ቃሉ ገባ። እውነት ስለሆነ ጠልቆ ገባ። ሌላ ቀን ቢሆን አንገቷን ደፍታ ትወጣ ነበር፤ መልሱም መንገድ ላይ ይመጣላት ነበር። ዛሬ ግን መንገዱ አልቋል። ባንኮኒውን በሁለት እጇ ያዘች።

"እሺ። ጥፋተኛ ነኝ። አንተስ? ሳልመጣ ስቀር ስለኔ ምን አልክ?"

"እኔ ምን..."

"ምን አልክ?"

ፊቱን አዞረ። "የዳኛ ልጅ ናት፤ ከዚህ ጠባብ ቤት ወጥታ ለቤተሰቧ 'ይኸው ሰውዬው' ማለት ከበዳት አልኩ። ልትነግረኝ አፍራ ቀረች አልኩ። ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ስቆም መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አየሁት። በዓይኔ ነው የምኖረው፤ ልታየኝ አልፈለገችም አልኩ።"

"ስለዚህ አንተም ጻፍከኝ" አለች ቀስ ብላ።

እሱ አንዱ ካርቶን ላይ ቁጭ አለ። ቁጣው እንደወጣ እንደዚያው ወረደ፤ የቀረው ድካም ብቻ ነበር።

"ፎቶውን ለተማሪዎችሽ ለጥፈሽው ከሆነ፣ ያን ዕለት አንቺም ከነሱ ጋር ጻፍሽ?"

"ጻፍኩ።"

"አምጪው።"

"ቀድጄዋለሁ።"

"ታስታውሽዋለሽ ግን።"

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እሱ ግን ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ እንደ ድሮው ሐሙስ፣ ዓይኑን ከፊቷ ሳይነቅል ይጠብቃል። ያንን ዓይን እምቢ ማለት ድሮም አልቻለችበትም። ሰው ፎቶ የሚነሳበትን ነጭ መጋረጃ እያየች ጀመረች፤ እሱን እያየች ቢሆን አትጨርሰውም ነበር።

"አንዲት ሴት ናት። ባሏ ፎቶ አንሺ ነው። የካሜራ መስታወት የሚወለውልበት ጨርቅ በየኪሱ አስቀምጣለታለች፤ እሱ ግን በሸሚዙ ጫፍ ነው የሚወለውለው። በዚህ ትቆጣዋለች። 'አንዴ ብቻ' ብሎ አሥሬ ያነሳል። ካሜራውን ሲያስተካክል ያንጎራጉራል፤ ዜማው መቼም ልክ መጥቶ አያውቅም፤ እሷ ግን ከጓዳ ሆና ሲያቆም ትደነግጣለች፤ ምን ሆነ ብላ ትወጣለች።" ምራቋን ዋጠች። "ሰው ሲያወራው ጆሮውን ብቻ አይሰጥም፤ ሥራውን ያስቀምጣል። ሴትየዋ በቀን ውስጥ ያየችውን ሁሉ ለሱ ብላ ታጠራቅማለች። አውቶቡስ ውስጥ የተጣሉ ሰዎች፣ ተማሪ ያመለጠው ቃል። ለሱ ካልነገረችው የሆነ አይመስላትም።"

ቆመች።

"ከዚያስ?" አለ፤ ድምፁ ጎርነን ብሎ።

"ከዚያ የለም። እዚያ ላይ ቀደድኩት።"

"ይቺ ሴት እኔን በደንብ ታውቀኛለች።"

"ልጠላት ነበር የተቀመጥኩት" አለች። እንባዋ መጣ፤ አልከለከለችውም። "ክፉ ላደርጋት፣ አስቀያሚ ላደርጋት፣ ለአንተ የማትመጥን ላደርጋት ነበር። አልቻልኩም። ስለሷ ምንም አላውቅማ! የማውቀው የራሴን ብቻ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሳላስበው ራሴን ነው የጻፍኩት።"

ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። እሱ ከካርቶኑ ላይ ተነሳ፤ ባንኮኒውን ዞሮ መጣና አጠገቧ ቆመ። አልነካትም። ከዚያ ፎቶውን አንስቶ ከመሀል ቀደደው፤ ደግሞ ቀደደው፤ ቁርጥራጩን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

"ለሴትየዋ ቃል ገብቼላታለሁ" አለ። "ለወንድሜም ቃል ገብቻለሁ። ሰኞ ይጠብቀኛል።"

"አትሂድ።"

አንዲት ቃል ናት። ከመናገሯ በፊት አላሰበችበትም፤ ከተናገረች በኋላም አልተጸጸተችም።

"እናትሽስ? አባትሽስ? እኔ ያኔ የጠየቅሁሽ ጥያቄ እኮ እንደቆመ ነው።"

ከቦርሳዋ ስልኳን አወጣች። ጣቷ ቁጥሩን ሁለቴ ሳተው። አባቷ ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሱ፤ ቅዳሜ ከጋዜጣ በቀር ሥራ የላቸውም።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ። ነገ ከሰዓት ቤት እንግዳ ይዤ እመጣለሁ።"

"ማነው እሱ?"

"ፎቶ አንሺ ነው።"

"ምነው፣ ፎቶ ሊያነሳን ነው?"

"አይደለም አባዬ።" ዓይኗን ጨፈነች። "ለኔ ነው የሚመጣው።"

ያ ዝምታ መጣ። ጠበቆች የሚፈሩት። እሷም ዕድሜዋን ሙሉ የምትፈራው፣ ሲመጣ ቶሎ ብላ በይቅርታ የምትሞላው ዝምታ ነበር። ዛሬ አልሞላችውም። ጠበቀችው። አጠገቧ ያለው ሰው ትንፋሹን ውጦ መቆሙን ትሰማለች።

"እናትሽ ታውቃለች?" አሉ አባቷ።

"ዛሬ እነግራታለሁ።"

"አንቺ? አንቺ ራስሽ?"

"እኔ ራሴ።"

ጋዜጣው ሲታጠፍ ተሰማት። "እኔ አንድም ሰው ሳልሰማ ፈርጄ አላውቅም" አሉ። "ይምጣ እንግዲህ። ... ምንድነው የሚጠጣው? ሻይ?"

"ሻይ አባዬ። ሻይ።"

ስልኩን ዘጋች። "ወንድሜን ማታ ደውዬ እነግረዋለሁ" አለ ፎቶ አንሺው። ወደ ካርቶኖቹ ሄደና አንዱ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር ጫፉን ፈልጎ ይልጠው ጀመር። ድምፁ ረጅምና ሻካራ ነበር፤ ባዶውን ቤት ከዳር እስከ ዳር ሞላው። አጎንብሶ ስለነበር ፊቱ አይታያትም፤ ጀርባው ግን ሲንቀጠቀጥ አየች፤ ይሳቅ ወይ ያልቅስ አለየችም። ሄዳ አጠገቡ ተንበረከከችና ሌላውን ጫፍ ያዘች።

ፈርታ ነበር። እናቷ ዛሬ ማታ የሚሉትን ከወዲሁ ትሰማዋለች፤ ነገ በዚያ ትልቅ ሳሎን የሚመጣውንም ዝምታ ታውቀዋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ያው ፍርሃት ነው። ዛሬ ግን ቀለል አላት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን አልፈራችም።